ማሽኑ ያለበት ክፍል

ባሌን ዳጊን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «አሁንም ያዋጣል?» የሚጠይቁት የሰፈራችን የከዚራ ጎረምሶች ናቸው፤ በራችንን ተደግፈው፣ ስልካቸውን እየነካኩ። እሱም ሁልጊዜ «አቦ፣ በደንብ ያዋጣል!» ይላቸዋል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሰው «ያዋጣል» ሲል ድምፁን ከፍ ካደረገ እንደማያዋጣው እወቁ። በእውነት የሚያዋጣው ሰው ዝም ብሎ ነው የሚበላው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ዕቃ ለኮምፒውተር ጌም የተሠራ ነው። ዳጊ ግን ካርዶቹን በብረት መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ቀን ከሌት ስሌት ያሠራቸዋል፤ በሠሩት ልክ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ ጠብ ይልለታል። ማይኒንግ ይሉታል፤ ማዕድን ማውጣት እንደማለት። «ማዕድኑ የታለ?» ብዬ ብጠይቀው «የሺ፣ አየር ላይ ነው» አለኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብዬ ሳቅሁበት፤ ተቆጣ። እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ ላይ ወተቷንም አይተናል። ኮሮና ባለፈ ሰሞን ካርዶቹ መኝታ ቤታችን ውስጥ ሆነው ፍሪጅ ገዙልን፤ ያገለገለ ባጃጅም ገዙልን። እኔም አፌን ዘጋሁ። የገዛ ፍሪጁን ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣ የሚያማርር ሰው የለም።

ከዚያ አንድ መስከረም ላይ ዋናው ሳንቲም፣ ያ የኢንተርኔት ገንዘብ፣ «ከእንግዲህ ካርድ አያስፈልገኝም» አለ። እንዴት እንደሆነ ዳጊ ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር፤ የገባኝ ነገር ቢኖር በዓለም ላይ ያለው ካርድ ሁሉ በአንዴ ሥራ ፈት መሆኑ ነው። ብልጦቹ ወዲያው ሸጡ። ካርዶቹን የሸጠለት ዒሴ እንኳ፣ መጋላ ባለው ታይዋን ገበያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰው ነው፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ መክሮታል። «ወላሎ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አብቅቷል። ዛሬ ብትሸጠው ገዢ አለ፤ ነገ ግን ወላሂ እኔም አልገዛህም።» ነጋዴ ራሱ የሸጠውን ዕቃ «ሽጠው» ካለ መስማት ነበር። ዳጊ ግን ሌሎች ትንንሽ ሳንቲሞች አሉ አለ። ዛሬ ረክሰዋል፣ ነገ ይወጣሉ አለ። ይወጣሉ ሲል ክረምት አለፈ፤ ይወጣሉ ሲል ሌላ ክረምት አለፈ። የወጣው የመብራት ታሪፍ ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ ወደ ሙቀት የዞረው ያኔ ነው። ካርድ ሲሞቅ ይደክማል፤ ሲደክም ትንሽ ይሠራል፤ የሚበላው መብራት ግን አይቀንስም። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀት ሲጠሩት የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው። ዳጊ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ሲያሰላ ቆይቶ ፊቱ በራ። «የሺ፣ ልዩነቱ ሙቀቱ ነው! ቀዝቃዛ ቦታ ካገኙ እኮ አሁንም ያዋጣል።» ቤታችን ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ብቻ ናት። እሷም የአባቱ ክፍል ናት።

አማቼ ጋሽ ዘርዓብሩክ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ። የምንኖርበትም ቤት በድሮ ጊዜ ለባቡር ሠራተኛ የተሠራ ነው። የፊት ለፊቷ ክፍል ግድግዳዋ ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ መስኮቷ የእንጨት መዝጊያ ያለው ነው። በሰኔ ፀሐይ እንኳ እዚያ ሲገቡ ትንፋሽ ይመለሳል። ሌላው የእኔና የዳጊ መኝታ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ቀጥታ የሚያገኘው። ከዚያ ውጭ ጓዳ፣ ከጓሮ ደግሞ በቆርቆሮ የተሠራች ሰርቪስ አለች፤ አሮጌ ዕቃ የምናስቀምጥባት።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ተድሬ ስመጣ አማቼን «እርስዎ» ማለቴ ለሰፈሩ መሳቂያ ነበር። ራሳቸው ሽማግሌው «አንቺ ልጅ፣ ድሬ ላይ እኮ አባትም አንተ ነው። እርስዎ እያልሽ ካለዕድሜዬ አታስረጂኝ» ይሉኝ ነበር። አልተውኩም፤ እሳቸውም መሳቁን አልተዉም። ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ማታ ማታ ጡረተኞቹ ፔታንክ የሚባለውን የብረት ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ይሄዳሉ፤ ኳሱን መጣል ስለማይችሉ ዳኛ ሆነዋል። «ሳያይ የሚፈርድ ዳኛ!» እያሉ ጓደኞቻቸው ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸውም «ከሚያየው ይልቅ የማያየው አያዳላም» ብለው ይመልሳሉ። ወደድኳቸው። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ አስቀድሜ የወደድኩት እሳቸውን ነው።

ዳጊ ክፍሏን የጠየቃቸው በጥር ነው፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት። በጥር ሰርቪሷ ምቹ ናት፤ ነፋስ ይገባታል። «እስከ ፋሲካ ብቻ ነው አባባ። እስከዚያ ሳንቲሙ ይወጣል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ እንከራያለን» አላቸው።

«ግንቦት ሲመጣስ?» አልኩ እኔ።

ሁለቱም ሳቁብኝ። «የብርድ አገር ልጅ!» አለ ዳጊ። «በጥር ስለ ግንቦት ታወራለች።»

ሽማግሌው ግን ያን ጊዜም በሙሉ ልባቸው ነበር የሰጡት። እንዲያውም ደስ አላቸው። ያን ደስታ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮው ባቡር ሥራ ሲያቆም፣ ጋራዡ ጸጥ ሲል፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ ወራት ሙሉ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ዳጊ ያኔ ልጅ ነበር። ከመታመም የባሰ ነበር ይላል፤ እናቱ በሕይወት ነበረች፣ ምግብ አቅርባ ትለምናቸው ነበር፣ እሳቸው ግን ግድግዳ ያያሉ። አሁን ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ማሽን ገባ። ቀን ከሌት የሚያጓራ፣ የማያርፍ፣ የልጃቸው የሆነ ማሽን። ምን እንደሚሠራ አልገባቸውም፤ መሥራቱ በቃቸው።

«ማሽን ሙቀት አይወድም» አሉኝ አልጋቸውን ወደ ሰርቪስ ስናወጣ። «አይሻ በረሃ ላይ ባቡር ሲቆምብን ደንቡ አንድ ነበር። ያለው ውሃ መጀመሪያ ለማሽኑ፤ የተረፈ ለሰው። ሞተሩ ከተነሳ ሰው ውሃ ካለበት ይደርሳል። ሞተሩ ካልተነሳ ግን ውሃውም ሰውም እዚያው ያልቃል። አዲስ ልጅ ሲመጣ ይሄን ሳያውቅ አናሳፍረውም ነበር።»

«ይሄ ባቡር አይደለም አባባ» አልኳቸው። «የትም አያደርስም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ማሽን ማሽን ነው።»

ካርዶቹ ገቡ። ዳጊ ግድግዳውን ፈንቅሎ የሙቀት ማውጫ ትልቅ ቬንቲሌተር ገጠመ፤ ትንፋሹ ወደ ጓሮ፣ የኒም ዛፋችን ሥር ይወጣል። እዚያ ጥላ ሥር ነበር አባባ ከሰዓት የሚቀመጡት፤ እሱም ቀረ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። «አቧራ ይገባል» ተባለ፤ ማንም እንዳይገባ። ቁልፉ ዳጊ ኪስ ውስጥ ነው፤ ዘበኛው ግን አባባ ናቸው። አንድ ቀን ፐርሲያናውን፣ የመስኮቷን የእንጨት መዝጊያ፣ ላጸዳ መጥረጊያ ይዤ ብጠጋ «እዚያ አካባቢ አቧራ አታስነሺ!» ብለው ከጓሮ ጮኹብኝ። ሳያዩ። የመጥረጊያውን ድምፅ ሰምተው።

ፋሲካ መጣ። ዶሮው ተበላ፤ ክፍሉ አልተመለሰም። ዳጊን ይዤ «በል ቃልህ» አልኩት። «ትንሽ ጊዜ» አለኝ። ፊቴን አላየኝም። ሚያዝያም ተጋመሰች። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ በእጅ የማይነካ ሆነ። እኔ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው፤ ኤሲ ያለበት ቦታ ውዬ ቤት ስመለስ፣ ያን ሽማግሌ በካናቴራ ብቻ ተቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ እርጥብ ፎጣ ጥለው ሳገኛቸው አንጀቴ ይቃጠላል። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ አንድ ሆነ፤ ግንቦት ሳትገባ እኚህ ሰው ወደ ክፍላቸው ይመለሱ። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ጣሪያው ላይ ጆንያ አነጠፍኩ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ አፈሰስኩበት። ቶሎ ደረቀ። «በእኛ መኝታ ይዋሉ» አልኳቸው። ተቆጡኝ። የልጃቸውና የምራታቸው አልጋ ያለበት ክፍል ገብተው ሊተኙ? ነውር ነው። «ከነውር ሙቀት ይሻላል» አሉ። «ጎረቤት መሪያም ቤት ይዋሉ፣ ሰፊ ግቢ አላት» አልኳቸው። መሪያም ከእኛ ቀጥላ ያለች ባለሱቅ ናት፤ እሷም «ና አቦ፣ ቤቱ ቤትህ ነው» ብላ መጥታ ለምናቸዋለች። አሻፈረኝ አሉ። ለካስ እኛ በሌለንበት ማሽኑ ድምፁን ቢቀይር የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል ብለው ነው።

አንድ ምሽት ዳጊን ውጭ፣ ደጃፍ ላይ አስቆምኩት።

«አሁን እኔ ልጠይቅህ። ያዋጣል?»

«ያዋጣል» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከእሱ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ።

«እሺ ያዋጣ። ሁለት ወር አጥፋው። ሙቀቱ እስኪያልፍ። ምን ትሆናለህ?»

«የሺ፣ አይገባሽም። ከጠፋ ይሰማዋል።»

«ይስማው!»

«አንቺ ያን ጊዜ አላየሽውም» አለኝ። «አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አላለም። ምንም። ጭራሽ። እኔ ትምህርት ቤት ሄጄ ስመለስ ወንበሩ ላይ ነው። አሁን እኮ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹ማሽኑ እንዴት አደረ› ብሎ ነው። ለጓደኞቹ ሁሉ ነግሯል። ‹ልጄ የቆመ ማሽን የለውም› ይላል።»

«ስለዚህ አባትህ ይጠበስ?»

«አትጩኺ አቦ፣ ይሰማል።»

ጮኽኩ። አልሰማሁም ማለት አይችሉም፤ ግን ጠዋት ሲነሱ ያሉኝ «ባልሽን አታዋክቢው፣ ሥራ ላይ ነው» ብቻ ነው። አባትና ልጅ እንዲህ ሆነው አንዱ ለሌላው ሲጨነቅ መሃል የገባ ሰው ዕብድ ይመስላል። እኔም እየመሰልኩ ነበር።

ግንቦት ገባች። እንዲህ ያለ ግንቦት አላየሁም፤ ወይም አይቼ ረስቼው ነው። አንድ ቀን ከሥራ የወጣሁት ከምሳ በፊት ነው። ያ ሰዓት ድሬዳዋ የምትሞትበት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። በባዶ ጎዳና ስሄድ የአስፋልቱ ሙቀት በጫማዬ ሶል ይሰማኛል። ቤት ስገባ የማሽኑ ድምፅ እንደወትሮው አለ። አባባን ጠራሁ። ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ሰርቪስ ውስጥ አልጋቸው ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። ፎጣው ደርቆ ከአንገታቸው ወድቋል። ግንባራቸውን ስነካው እጄን ሳብኩ። ላብ የለም፤ ቆዳቸው ደረቅ ነው፣ የሚያቃጥል ደረቅ። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። «አዋሽ ደረስን?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ጠሩኝ፤ አንዴም ግን በስሜ አይደለም፤ በሟች ሚስታቸው ስም ነው።

«መሪያም!» ብዬ ጮኽኩ። መጣች፤ ሽርጧን ሳታስተካክል በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። አየቻቸውና «ያ አላህ» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ደረቷን ያዘች፤ ከዚያ ሥራ ገባች። እግራቸውን እሷ፣ ብብታቸውን እኔ ይዘን አወጣናቸው። ያን ያህል የቀለሉ ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር። በጓሮ በኩል ስናልፍ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ወደቀ። ክፍሏ ደጃፍ ላይ አስቀመጥናቸውና ዳጊ ጋ ደወልኩ። «አባትህ ሊሞት ነው፤ መኪና ይዘህ ና» አልኩት። ምን እንደመለሰልኝ አላዳመጥኩም።

ቁልፉ የለኝም። ከጓዳ መዶሻ አመጣሁ። አባባ ድምፁን ሰምተው ነቃ አሉ። «ማነው በሩን የሚመታው? ተዪው! አቧራ ይገባል!» መሪያም እጃቸውን ይዛ «አቦ፣ ተው፣ ዝም በል» ትላቸዋለች። እኔ መታሁት። ወላዲተ አምላክ ታውቃለች፣ ያን ያህል የመታሁት ነገር የለም። የቁልፉ ቀለበት ከእንጨቱ ተነቀለና በሩ ተከፈተ።

ቅዝቃዜው ፊቴን ነካኝ። መስኮቱ ተዘግቶ ነበርና ዓይኔ እስኪለምድ ትንሽ ቆየሁ። መደርደሪያው አለ። ሽቦዎቹ ተንጠልጥለዋል። ትንንሾቹ ቬንቲሌተሮች በመስመር ተደርድረው ይዞራሉ፤ ትልቁም ግድግዳው ላይ ያጓራል። ካርዶቹ ግን የሉም። አንድም የለም። ባዶ ብረት ላይ ነው የሚተነፍሱት። ጥግ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ ከሥሩ የሱፍ ቅርፊትና የባዶ ውሃ ጠርሙስ። ዳጊ «ሥራ ላይ ነኝ» እያለ የሚዘጋባት ቦታ ያቺ ናት።

ያየሁትን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ፍራሽ ጎትተን አመጣንና መሬት ላይ አስተኛናቸው። ልብሳቸውን ፈታን፤ ውሃ አፈሰስንባቸው፤ መሪያም ሻሿን ነክራ ግንባራቸው ላይ አደረገችው፤ ከፍሪጅ በረዶ አምጥቼ ብብታቸው ሥር ከተትኩ። ትንሽ ትንሽ በማንኪያ አጠጣናቸው። ከንፈራቸው ውሃውን ፈለገው። ዕድል የምናገኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ተስፋ አደረግሁ።

ዳጊ ሲደርስ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁት። ባጃጁን ለሾፌር አከራይቼዋለሁ ነበር የሚለኝ። መሪውን የያዘው ራሱ ነው። ከኋላው አንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ዘንቢል አቅፋ ግራ ገብቷት ተቀምጣለች፤ ተሳፋሪ እንደያዘ ነው የመጣው። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ከቤት የሚወጣበት ሰዓት፣ የተቃጠለ ፊቱ፣ ለቤት የሚያመጣው ብር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኛ ነው።

ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያየው አባቱን አይደለም፤ እኔን ነው። መደርደሪያውን እንዳየሁ አወቀ።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ሁዳዴ ላይ» አለኝ በሹክሹክታ። «ዒሴ ነው የገዛኝ፤ ጌም ቤት ለከፈተ ሰው። ዕዳ ነበረብኝ... ፋኑን የተውኩት ድምፁ እንዳይጠፋበት ነው። ልነግረው ነበር። በፋሲካ ልነግረው ነበር።»

ጠላሁት። ሰው የገዛ አባቱን ለባዶ ብረት ሲል ቆርቆሮ ሥር እንዲያስቀምጥ የሚያደርገው እንዴት ያለ ፍቅር ነው? ግን ደግሞ ፍቅር እንደነበር አውቃለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ስግብግብ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ።

ዳጊ በጉልበቱ ተንበረከከና የአባቱን እጅ ያዘ። «አባባ፣ እኔ ነኝ። ባጃጅ አምጥቻለሁ፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሽማግሌው ድምፁን ለዩት። ፊታቸው ተፈታ። «ዳጊ፣ አውጣኝ» አሉ። ቃላቸው ተጎታች ነው፣ ግን ይሰማል። «እሷ ናት ያስገባችኝ። በሩን ሰበረችው። ማሽኑ ይሞቃል። ወደ ሰርቪስ መልሰኝ።»

«ንገረው» አልኩት።

አፉን ከፈተ። «አይዞህ አባባ» አለ፣ «ማሽኑ ይችላል። ትንሽ ብትተኛ ምንም አይሆንም።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። «አባባ፣ ማሽን የለም። ዳጊ ከሸጠው ቆይቷል። ክፍሉ ባዶ ነው፤ የእርስዎ ነው። ይተኙበት።»

ደመና የመሰለ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አንቺ ደግሞ» አሉ፤ በቁጣ አይደለም፣ ሰው ሕፃን ልጅን እንደሚገሥጸው ነው። «እየሰማሁት? ይኸው ይሠራል እኮ። ሰው ፊት ልጄን አታሳፍሪብኝ።» ክንዳቸውን ተመርኩዘው ሊነሱ ሞከሩ። ይዘን አስተኛናቸው። እንደገና ሞከሩ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ያለቻቸውን በሙሉ ከዚያ ክፍል ለመውጣት እያወጧት ነበር። መሪያም «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» እያለች ታለቅሳለች።

ያኔ ዳጊ ተነሳ። እውነቱን ሊነግራቸው የፈለገ ይመስለኛል፤ አፉ ግን እምቢ አለው። ግድግዳው ጋ ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው።

ቬንቲሌተሮቹ እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ቆሙ። ጸጥ አለ። መንገድ ላይ ያለችው ተሳፋሪ ሴትዮ ለራሷ ስታጉረመርም ተሰማኝ። «አየህ አባባ» አለ ዳጊ እንባው እየወረደ፤ «ፋን ብቻ ነበር። ሌላ ምንም የለም። አሁን ተኛ፤ የምታሞቀው ነገር የለም።»

አባባ መታገላቸውን አቆሙ። ጭንቅላታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። የሰሙት ግን የዳጊን ቃል አልነበረም።

«ቆመ» አሉ።

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ የ...»

«ቆመ። ገብቼበት ነው።» ፊታቸው ላይ የወጣውን ሐዘን በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም፤ ልጅ የሞተበት ሰው ፊት ነበር። «እኔ ነኝ ያቆምኩት። ዳጊ፣ ይቅር በለኝ። አውጡኝ ብያቸው ነበር።»

«አይደለም አባባ! እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ እኔ ነኝ!»

ጭንቅላታቸው ወደ ትራሱ ተመለሰ። ደረታቸው አንድ ጊዜ ከፍ አለ፤ ከዚያ ዝቅ አለ፤ እኔም ሌላውን ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ስማቸውን ጠራሁ። «አባባ» አልኩ፣ «እርስዎ» አልኩ፤ የሚስቅብኝ አልነበረም። መሪያም ጆሮዋን አፋቸው ላይ አድርጋ ቆየችና ቀና ስትል ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ዳጊ ሶኬቱን መልሶ ሰካው። ደጋግሞ ስቶታል። ቬንቲሌተሮቹ ተነሱ። «ይኸው አባባ» ይላል፣ «ይኸው ተነሳ፣ ይሠራል፣ ስማው።» መሪያም የሽማግሌውን ዓይን በመዳፏ ስትከድን ዳጊ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። የቬንቲሌተሮቹን ፍጥነት ይጨምራል።